ቀለም እምቢ ያለው ወንበር

ቀለሙ ለሦስተኛ ጊዜ ተላጠ። ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዬን በር ከፍቼ የሾፌሩን ወንበር በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ባሸው፣ ትናንት ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ የቀባሁት ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተሸብሽቦ ተነሳ። ከሥሩ ያው የማውቀው፣ የተሰነጣጠቀው አሮጌ ቆዳ አፈጠጠብኝ። ጥፍሮቼ ጠቁረዋል፤ የቲነሩ ሽታ ከፀጉሬ አልወጣ ብሏል፤ ቀኝ ትከሻዬማ የራሴ አልመስል ብሎኛል። ብሩሹን አንስቼ ወደ አጥሩ ወረወርኩት። አርባ ዓመት የሞላት የፋርማሲ ባለቤት በገዛ ግቢዋ ብሩሽ ስትወረውር ማየት ደስ አይልም፤ ግን ወረወርኩት።

ደብረ ታቦር ውስጥ የመኪና ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ጠፍተው አይደለም። ሁለቱን ጠይቄአለሁ። ሁለቱም ቆዳውን ገፈን ጥለን ፕላስቲክ እናልብስልሽ አሉኝ። እሺ ብል ኖሮ ይሄኔ ቁርሴን በሰላም እየበላሁ ነበር። ነገር ግን መኪናዬ አሮጌ ብትሆንም ወንበሯ እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ሞተሯ እንኳ እንደሱ እውነተኛ አይደለም። የቆዳ ሠሪ ልጅ ሆኜ ቆዳ አስገፍፌ ፕላስቲክ ላይ አልቀመጥም አልኩና ቀለሙንም፣ ስንጥቁን የሚደፍነውን ስቱኮም ከባሕር ዳር አስመጣሁ። ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ይህንኑ ሥራ በአሥር ደቂቃ ሲጨርስ አይቻለሁ፤ ያውም እጁ ሳይቆሽሽ። ያን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው የምነግረው ነገር አለኝ።

በንዴት ደረጃው ላይ ተቀምጬ የተላጠውን ቀለም በጣቶቼ መካከል ሳንከባልለው ቆየሁ። መጀመሪያ የሚለጠጥ፣ ከዚያ እንደ ማስቲካ የሚበጠስ ነገር ነው። ይህን ልጣጭ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። ያየሁት በአባቴ ጣቶች መካከል ነው፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ፈንታ ይባላል። ሥራው የብራና መጻሕፍትን ቆዳ ማልበስና ማኅደር መስፋት ነበር፤ መጽሐፉ ገብቶበት በማንገቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበትን የቆዳ ከረጢት ማለቴ ነው። ሙያውን በልጅነቱ ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ነው የተማረው። የፍየል ቆዳ ያለፋል፤ ቀይ ቀለም ያጠጣዋል፤ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። ከእስቴም ከጋይንትም ካህናት መጽሐፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ይመጡ ነበር። ቤታችን ቆዳ፣ ሰምና የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ክፍል ውስጥ ደብተሬን ስገልጥ ያ ሽታ አብሮ ይወጣና አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙብኛል። እኔ ግን እኮራበት ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሌሎቹ ልጆች የሸክላ ስባሪ ሲወረውሩ እኔ የምወረውረው አባዬ ከትርፍራፊ ቆዳ የሰፋልኝን፣ አሸዋ የሞላባትን ትንሽ ከረጢት ነበር። መስመር ላይ አታርፍም፣ አትንከባለልም፤ በሷ የተነሳ ስንት ቀን ተጣልተናል።

ችግሩ ብራና የሚያስለብስ ሰው እያነሰ መምጣቱ ነበር። የታተመ መጽሐፍ በየቦታው ይሸጣል፤ ማኅደር የሚያሰፋ በዓመት አንድ ሁለት ካህን ቢገኝ ነው። ደግሞ የምንኖረው በኪራይ ቤት ስለነበር አባዬ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ቆዳ አይደርቅም፣ ቀለም አይዝም፣ አባዬም እጁን አጣጥፎ ዝናብ ሲያይ ይውላል። እማዬ አፍ አውጥታ ባትናገርም ማታ ማታ በረጅሙ ስትተነፍስ እሰማት ነበር።

አቶ ጥጋቡ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከሐሙሲት እህል እያመጡ ደብረ ታቦር የሚሸጡ፣ በሰፈራችን የቤት መኪና ያላቸው ብቸኛው ሰው ነበሩ። መኪናዋ ወንበሮቿ ተሰነጣጥቀው፣ በየስፌቱ ስፖንጁ ወጥቶ ነበር። አባዬን ጠርተው፣ ቆዳ ቆዳ ነው፣ እስቲ እጅህን ሞክርበት አሉት። ቀለሙን በቆርቆሮ አስመጥተውለታል። ወንበሮቹን ካሳመርክልኝ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍሌን ለሥራህ እለቅልሃለሁ፤ የመኪና ወንበር የሚጠግን ሰው በዚህ አገር የለም፣ ከሐሙሲትም ከይፋግም ይመጡልሃል አሉት። አባዬ ያን ቀን ማታ እራት አልበላም። ክፍሏ መስኮት ስላላት ጠረጴዛው የት እንደሚሆን፣ ቆዳው የት እንደሚሰቀል ለእማዬ ሲነግራት አመሸ። እማዬም የሆነ መጋረጃ ስታስብ ነበር መሰለኝ፣ የመስኮቱን ስፋት ሦስት ጊዜ ጠየቀችው።

ሁለቱ የፊት ወንበሮችና ረጅሙ የኋላ ወንበር ተነቅለው ግቢያችን ገቡ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጠዋት ጠዋት የጉና ተራራ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባዬ ቆዳውን በለብታ ውሃ ጠራርጎ የተቀደደውን ከውስጥ በኩል የፍየል ቆዳ እያስደገፈ በጅማት ሰፋው። እንዲህ ያለ ስፌት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እየሰፋ ሳለ የድሮ መምህሩ መሪጌታ መጡና ከበሩ ላይ ቆመው ወንበሩን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፈንታ፣ ወንጌል በምታለብስበት እጅህ የሰው መቀመጫ ትሰፋለህ?" አሉት። አባዬ ሳቅ ብሎ ልጅ አለችኝ እኮ የኔታ አላቸው። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ወስፌ እጁን ወጋው።

ስፌቱ ሲያልቅ የቀረው የቆዳው ድርቀት ነበር። ጣት ሲነካው ይንኮሻኮሻል። አባዬ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነው፣ አሸው፣ መልሶ ሸፈነው፤ ጨርቁ ሲነሳ ያው ነው። እንዲህ እንዳለ የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። አባዬ በበዓል ቀን መርፌ እንኳ አያነሳም። ወንበሮቹን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ ከእማዬ ጋር ቅዳሴ ሄደ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ቤት ጠብቂ ተባልኩ።

አንበሳሜ ገጠር ያሉት አያቴ አህያ የሚጭኑበት የጠፍር መጫኛ ሲደርቅባቸው ምን እንደሚያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅቤ ያጠጡታል። ፀሐይ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እያሹ ቅቤውን ያስገቡበታል፤ ማታ ላይ ያ እንጨት የመሰለ ጠፍር እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። አባዬ ይህን እንዴት እንደረሳው ገረመኝ። እማዬ ለገና ያስቀመጠችው፣ አያቴ የላኩት ልጋ ቅቤ በቅል ጓዳ ውስጥ አለ። ጾም መሆኑን አውቃለሁ። ጾም ውስጥ ቅቤ መንካት በኛ ቤት የማይታሰብ ነገር ነው፤ እማዬ ቅሉን ያስቀመጠችበትን ጥግ እንኳ በዓይኗ አታየውም። ግን አባዬ ክፍሏን ሲያገኝ፣ በመስኮቱ በኩል ከትምህርት ቤት ስመለስ ሲያየኝ ታየኝና ቅሉን አወረድኩት። ሦስቱንም ወንበር አንድ በአንድ፣ ስፌቱንም ስንጥቁንም ሳልተው ቀባሁ። ፀሐዩ ያቀልጠዋል፣ ቆዳው ይጠጣዋል። ደግሜ ቀባሁት። እጄን በአመድ ፈትጌ ታጥቤ፣ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ።

በማግስቱ አባዬ ወንበሩን ነካው። ቆዳው ለስልሷል። መዳፉን ጫን ሲያደርግበት ሳይንኮሻኮሽ እሺ ብሎ ይሰምጣል። እማዬን ጠራት፣ እሷም ነካችው። ቀኑን ስላከበርኩለት መልአኩ አለዘበልኝ አለና አማተበ። ቅቤ ቅቤ አይሸትም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እማዬ ጾሙ እስኪገባ ድረስ ፀጉሯን ስትቀባ ስለከረመች ቤታችን ውስጥ ቅቤ የማይሸት ነገር አልነበረም። እኔ ከጋቢው ውስጥ ሆኜ አየሁት። እንደዚያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም። እኔ ነኝ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እኔ ነኝ ካልኩ መልአኩ አይደለም ማለት ነው፤ የጾም ቅቤ ማለት ነው። ዋጥ አደረግኩት። ትንሽ ቆይታ እማዬ ቅሉ መጉደሉን ስታይ በድመቷ አሳበበች፤ ድመቷም ተገረፈች።

አባዬ ቀለሙን በጨርቅ እየነከረ ሁለት ዙር ቀባው። ጠይም፣ ደማቅ፣ የበሰለ እንዶድ የመሰለ ቀለም ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። በሦስተኛው ቀን አቶ ጥጋቡ መጡና አድንቀው አድንቀው እስቲ ልቀመጥበት አሉ። ተቀመጡ፣ ተደላደሉ፣ ጀርባቸውን ደገፉ። ሲነሱ የወንበሩ ቀለም የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ተገፎ ኮታቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጥፍሩ ሲነካው የቀረውም እየተጠቀለለ መጣ። ያን ልጣጭ በጣቶቹ መካከል እያንከባለለ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ።

አቶ ጥጋቡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አንድ ሳምንት ጨመሩለት። አባዬ ቀለሙን በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አነሳው፤ ቆዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሸው። እስከ ማታ ድረስ ጾመ። ጠበል አምጥቶ ሦስቱንም ወንበር ረጨ። ጠበሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ሲወርድ ሁላችንም ቆመን አይተናል። ያንን ዶቃ አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ዓይናችን ሥር ነበር፤ ቅባት መሆኑን ለማወቅ ከዚያ የበለጠ ምን ይፈለጋል? አባዬ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ወንበሩ ጠበል አልቀበልም ያለ መስሎታል። እኔም መሰለኝ። ጾም ገድፌ የነካሁት ቅቤ አባቴ ላይ ቁጣ ያመጣ መስሎኝ ከሩቅ ሆኜ አይ ነበር። እንደገና ቀባው። እንደገና ተላጠ።

አቶ ጥጋቡ በቃ ተወው፣ አታስብ ብለውት ወንበሮቹን አስጫኑ። ባሕር ዳር ወስደው ጨርቅ አስለበሷቸው። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ፎቶ ቤት ሆነች። አባዬ ለእማዬ፣ "ይህ እጅ ለመጽሐፍ የተሰጠ ነበር። ለሌላ አዋልኩትና ተነሳብኝ" አላት። እማዬ ቀለሙ ይሆናል እንጂ ብላ ልታጽናናው ሞከረች። አልሰማትም። ከዚያ በኋላ ማኅደር ሊያሰፉ የመጡ ሁለት ካህናትን እንኳ እጄ እንደቀድሞው አይደለም ብሎ መለሳቸው። በፋሲካ ሰሞን ወስፌውንና ማተሚያ ብረቶቹን ለመሪጌታ ተማሪዎች ሰጠ፤ ሐሙሲት አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያው ስለሚያድር አባቴን የማየው እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። የቤታችን ሽታ ቀስ በቀስ ጠፋ። ልጆቹም አፍንጫቸውን መያዝ ተዉ፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። የቅቤውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፣ ለነፍስ አባታችን እንኳ።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጬ አሰብኩና ንዴቴ ሳይበርድ ስልኬን አንስቼ ቀለሙን የሸጠልኝ ባሕር ዳር ያለው ልጅ ጋ ደወልኩ። ምን ዓይነት ቀለም ነው የሸጥክልኝ ብዬ ጮህኩበት። ልጁ እስክጨርስ ጠበቀኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"እህቴ፣ ቆዳውን ቅባት ነክቶታል?"

መኪና አጣቢዎቹ በየጊዜው የሚያብለጨልጭ ነገር ይቀቡታል፣ እኔም በጋ በጋ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ቫዝሊን አደርግለታለሁ አልኩት። እሱማ ከሆነ ምንም ቀለም አይይዝልሽም፣ መጀመሪያ በቤንዚን በደንብ እጠቢው፣ ቅባቱ ሲለቅ ትቀቢዋለሽ፣ ያኔ ጥፍርም አያነሳውም አለኝ። በጣም ቀላል ነገር እንደሆነ በሚያሳይ ድምፅ ነው የነገረኝ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው ስልኩ ከእጄ ወደ ጭኔ ወረደ። ቅባትና ውሃ እንደማይታረቁ ለሰው እያስረዳሁ፣ ቅባት በሣጥን በሣጥን እየሸጥኩ ነው የምኖረው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአባዬን ቀለም የላጠው ያ ቅቤ ራሱ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

እጄን ሳልታጠብ ወደ አባዬ ቤት ሄድኩ። መንገዱ ሩብ ሰዓት አይሆንም፤ እየሄድኩ ሳለ ያንን ዘመን ስንቴ ረገምኩት። አሁን አንድ ነገር ቢያስቸግረኝ ስልክ እደውላለሁ፤ የማላውቀው ልጅ በግማሽ ደቂቃ መልሱን ይነግረኛል። ያኔ አባዬ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ቀለሙ ለምን ተላጠ ሲል መልስ የሚሰጠው ያው መሪጌታ የተናገሩት ነገር ብቻ ነበር። ደግሞ ያን ዘመን እወደዋለሁ። በዓል ሲሆን መርፌ የማያነሳ፣ ቆዳ ለሰለሰልኝ ብሎ የሚያማትብ አባት ነበረኝ፤ እኔም ክፋት አስቤ ሳይሆን ደስ እንዲለው ብዬ ነው ቅሉን ያወረድኩት። ሁላችንም የተሻለውን ነገር ነበር የምናስበው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ተቆጥቼ የምወቅሰው አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ከራሴ በቀር።

አባዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ዓይኑም ደክሟል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ብዙ አያወራም። ጥቁር ጣቶቼን አይቶ ስሜን ጠራና፣ ምን ነካሽ እንጉዳይ አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ገብርኤሉን፣ ቅሉን፣ አያቴ መጫኛቸውን ሲቀቡ ማየቴን፣ ባሕር ዳር ያለው ልጅ ያለኝን። እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

እሱ ግን የራሱን መዳፍ አየና፣ "ልጋ ነው ወይስ የተነጠረ?" አለኝ።

"ልጋ።"

"ልጋ በቤንዚን ይለቃል" አለ። "ጠዋት አጥቤው፣ ውሎ ደርቆ፣ ማታ እቀባው ነበር። አንድ ቀን ነው።"

አንድ ቀን። እሑድ እሑድ ብቻ ያየሁትን አባቴን፣ ዝናብ ሲያይ የሚውለውን፣ ስለ መስኮት ሲያወራ ያመሸውን ሰውዬ፣ በመጋዘን በር ላይ በብርድ ያደረባቸውን ዓመታት ሁሉ አሰብኩ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ በደኅናው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ። ሲናገር ድምፁ በጣም ቀጭን ነበር።

"እንግዲያ እግዜር አልተቆጣኝም ነበራ።"

"አልተቆጣም አባዬ" አልኩት። "ቅቤው ነው።"